ካቡን የካበው ማን ነው?

ባለፈው እትም «የንግሥታችን ዱካ» በሚል ርእስ አንድ ወንድማችን የጻፈውን ሳታነቡት አልቀራችሁም። እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አማርኛው ያምራል፤ አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር እንደ ቅኔ ያስቆማል። የሚለው ግን በአጭሩ ይኸ ነው፦ በደቡባዊ አፍሪካ ኮረብታ ላይ የቆመው፣ ታላቋ ዚምባብዌ የሚባለው የድንጋይ ቅጥር የተሠራው በእኛዋ በንግሥተ ሳባ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ክንድ ጥንት እስከዚያ ድረስ ይደርስ ነበር፤ ስለዚህ ደረታችንን ነፍተን እንሂድ። ጽሑፉ በንባብ ምሽታችን ላይ ሲቀርብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቱን ልናገርና እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ መዳፌ እስኪቀላ።

ይኸን መልስ የምጽፈው ያንን ጭብጨባ ልመልስ ብዬ ነው። ወንድሜን ለማዋረድ አይደለም። ነገር ግን «የእኛ ነው» ብለን ያጨበጨብንለት ነገር የሰው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶቻችን፤ እዚህ ላይ ግን ጉዳዩ ካለማድመቅም ያለፈ ነው። ያ ሥራ ከባለቤቱ እጅ ሲነጠቅ የእኛ ስም፣ የአክሱም ስም፣ የንግሥታችን ስም እንደ ዶማ ሆኖ አገልግሏል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዝም ብል ማጨብጨቤን ቀጠልኩ ማለት ነው። (ዓመቶቹን በአውሮጳውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ነገሩ የሚገኘው በእነሱ መዝገብ ስለሆነ።)

አስቀድሞ ስለ ቦታው። እኔ በእግሬ አልረገጥኩትም፤ ወንድሜም አልረገጠውም። ሁለታችንም ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለን ነው የምንጯጯኸው። ልዩነታችን እሱ ተረቱን ሲያነብ እኔ ፕላኑን ሳነብ መዋሌ ብቻ ነው። ፕላን ደግሞ እንደ ተረት አያሞኝም፤ እስኪ አብረን እንየው።

ማስቪንጎ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በደቡባዊ ዚምባብዌ፣ 80 ሜትር ያህል ሽቅብ የወጣ የግራናይት ኮረብታ አለ። ከላይ ቤት የሚያካክሉ ቋጥኞች ተቆልለዋል። ሰዎቹ ታዲያ ቋጥኙን አላፈረሱትም፤ በቋጥኝና በቋጥኝ መካከል ያለውን ክፍተት በካብ ዘጉት እንጂ። ካቡ አንዱን ቋጥኝ ትከሻ አድርጎ ይነሣል፤ ሌላው ላይ ሄዶ ይደገፋል። በዚህ ዓይነት በኮረብታው አናት ላይ ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 45 ሜትር ገደማ የሆነ ውስብስብ ቅጥር ተፈጠረ። ከሥር በሸለቆው ውስጥ ደግሞ ታላቁ ቅጥር የሚባለው አለ፤ የውጭ ግንቡ ዙሪያ 250 ሜትር ያህል ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ቁመቱ 11 ሜትር ይደርሳል። በዙሪያው የተበተነው ፍርስራሽ ሁሉ ሲደመር ወደ 800 ሄክታር ይጠጋል። ኖራ የለበትም፤ ጭቃ የለበትም፤ ደረቅ ካብ ነው። ማዕዘን የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም ይጎብጣል፣ ይዞራል። ግንቡ ጣራ የሚሸከም አይደለም፤ ሰው የኖረው በቅጥሩ ውስጥ በቆሙ የጭቃ ጎጆዎች ነው። ስለዚህ «ቤተ መንግሥት» ወይም «ቤተ መቅደስ» ብለን የሰሎሞንን ዓይነት አዳራሽ በልባችን ከሳልን ገና ከመነሻው ስተናል። አጥር ነው። ግሩም የሆነ አጥር!

ድንጋዩስ ከየት መጣ? ከዚያው። ግራናይት በፀሐይና በብርድ እየተፈራረቀበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንጣፍ በንጣፉ ይላቀቃል። እሳት ሲነድበትና ቀዝቃዛ ውኃ ሲደፋበት ደግሞ ቶሎ ይሰነጠቃል። ንጣፉ ውፍረቱ እኩል ስለሆነ ሲሰበር ከሞላ ጎደል የተጠረበ ይመስላል። ይህን ለማወቅ ከሊባኖስ ግንበኛ ማስመጣት አያስፈልግም፤ በዚያ ድንጋይ ላይ መኖርና ፍየል ማገድ ይበቃል።

ከእኛ መካከል ኮንሶን ያየ ካለ የምለው ወዲያው ይገባዋል። የኮንሶ መንደሮች ኮረብታ ኮረብታ ላይ ናቸው፤ በደረቅ ካብ ታጥረዋል፤ ካቡ በአንዳንዱ መንደር አንድ ዙር ነው፣ በአንዳንዱ እስከ ስድስት ዙር ይደርሳል። በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከ400 ዓመት በላይ፣ ሃያ አንድ ትውልድ የዘለቀ ሥራ ነው ተብሎ ነው። የኮንሶን ካብ የትኛዋ የውጭ አገር ንግሥት አሠራችው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? የለም። ለምን ቢባል ኮንሶዎቹ ውስጡ ተቀምጠዋል፤ ዛሬም ይክባሉ። ግን እኮ ጀርመናዊው የሥነ ምድር አጥኚ ካርል ማውክ በ1871 ታላቋ ዚምባብዌ ሲደርስ በዙሪያው ሰዎች ይኖሩ ነበር! ሾናዎች፣ ካራንጋ የሚባሉት። የመጣበትን መንገድ ያሳዩት፣ የበላውን ያበሉት እነሱ ናቸው። አያቶቻችሁ ይሆኑ ብሎ ማሰብ ግን አልተቻለውም።

ማውክ ምን አደረገ መሰላችሁ። ከአንዱ በር ጉበን ላይ የእንጨት ፍንጣሪ ቆረጠ። ቀላ ያለ ነው፤ ሽታ አለው። ከኪሱ እርሳሱን አወጣና አስተያየው። ተመሳሰለበት። እርሳስ ከዝግባ ይሠራል፤ እንግዲያው ይኸ ዝግባ ነው፤ ዝግባ ከሆነ የሊባኖስ ነው፤ የሊባኖስ ከሆነ ፊንቄያውያን አምጥተውታል፤ ፊንቄያውያን ካመጡት ለሰሎሞን ወዳጅ ለንግሥተ ሳባ ነው፤ ስለዚህ ኮረብታው ላይ ያለው የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ግልባጭ፣ ሸለቆው ውስጥ ያለው ደግሞ ንግሥቲቱ በኢየሩሳሌም ያረፈችበት ቤት ግልባጭ ነው። በአንዲት እርሳስ! እንጨቱ በኋላ ሲመረመር ታምቡቲ የሚባል የዚያው አገር ዛፍ ሆኖ ተገኘ። የወንድማችን ጽሑፍ ላይ «የሊባኖስ ዝግባ ተገኝቶበታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምንጩ ይኸው ነው። ወንድሜ ይህን ሳያውቅ ነው የጻፈው፤ አዝንለታለሁ እንጂ አልስቅበትም።

ነገሩ ግን ከማውክም ቀደም ይላል፤ እዚህ ላይ ነው እኛ የምንገባው። በ1552 ፖርቱጋላዊው ታሪክ ጸሐፊ ዡዋው ደ ባሩሽ ሊዝበን ተቀምጦ፣ ከነጋዴ ከነጋዴ በሰማው ወሬ፣ በዚያ አገር ያለ ኖራ የተሠራ አስደናቂ የድንጋይ ሕንፃ እንዳለ ጻፈ። ማን ሠራው ለሚለው ሲፈልግ ምን አገኘ? አክሱምን። የካህኑ ዮሐንስ አገር በምትባለው በእኛ ምድር፣ የንግሥተ ሳባ ከተማ በሆነችው በአክሱም፣ ይህን የሚመስል ሕንፃ አለ አለ። አክሱምን አላየም፤ ዚምባብዌንም አላየም። ሁለት ያላያቸውን ነገሮች «ይመሳሰላሉ» ብሎ አጋባቸው። እኛም ከዚያ ወዲህ ልጁ የእኛ ነው ስንል እንኖራለን።

ወሬው ለሦስት መቶ ዓመት ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ችግሩ በ1890 የሴሲል ሮድስ ኩባንያ ማሾናላንድን በጦር ሲይዝ ነው። መሬቱን የያዘ ሰው ምክንያት ይፈልጋል። ከዚህ በፊት እዚህ ከሰሜን የመጡ፣ የሠለጠኑ፣ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ ከተባለ፣ እንግዲያው አሁን የመጡት ነጮች መጤ ሳይሆኑ ተመላሽ መሆናቸው ነው። አገሬው ደግሞ የገዛ ቤቱ ውስጥ ተጠግቶ የተገኘ እንግዳ ይሆናል። በዓመቱ፣ በ1891፣ ሮድስ ቴዎዶር ቤንት የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ ገንዘብ አስይዞ ላከ። ከቤንት ጋር ስዋን የሚባል ቀያሽ ነበር።

ስለ ስዋን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚመስለው እሱ ነው። ስዋን ሰነፍ አልነበረም። በኮረብታው ወጥቶ ወርዶ፣ ግንቡን በሜትር ለክቶ፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ ወስዶ ፕላን አነሣ። ቁጥር ሰበሰበ። ግን መልሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር የሚለካው። ጉብጥብጥ ያለውን ካብ ሁሉ የክብ ቁራጭ ነው አለ፤ ለእያንዳንዱም መሐል ነጥብ ፈለገለት፤ የክቦቹን ስፋት ከሾጣጣው ማማ ወርድና ፓይ ከሚባለው የሒሳብ ቁጥር ጋር አዛመደ፤ በሮቹን ከፀሐይ መውጫና ከከዋክብት ጋር አያያዘ። ውጤት፦ ሠሪዎቹ የጥንት ዐረብ ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው። ቤንትም ይህን ይዞ ከዐረብ ምድር የመጣ የሰሜን ዘር ነው የሠራው ብሎ በ1892 መጽሐፍ አወጣ። በኋላ ጠንቃቃ ሰዎች ፕላኑን እንደገና ሲያነሡ ክቦቹ ጠፉ። ካቡ የሚጎብጠው ከዋክብት ስላሉ አይደለም፤ ቋጥኝ ስላለና ጎጆ ክብ ስለሆነ ነው። ሜትር ዝም ብሎ እውነት አይናገርም ወገኖቼ፤ የያዘው እጅ ወደ ፈለገው ያዘነብላል።

ከስዋን የባሰው ሆል ነው። ሪቻርድ ሆል ጋዜጠኛ ነበር፤ በ1902 የፍርስራሹ ጠባቂ ተብሎ ተሾመ። ጠባቂ! ሰውየው ከላይ ያለው አፈር የአገሬው ቆሻሻ ነው፣ የጥንቶቹ ሠሪዎች ነገር ከሥር ነው ብሎ ስላመነ ጠረገው። በአንዳንድ ቦታ ከ3 ሜትር በላይ አፈር አስወጣና ጣለ። የተሰባበረ ገል፣ አመድ፣ የከብት አጥንት፣ የጎጆ ወለል፣ ሁሉንም። ማን እንደኖረ፣ መቼ እንደኖረ፣ ምን እንደበላ የሚናገረው ያ አፈር ነበር። በላይ በላዩ የተደራረበ መጽሐፍ ነው በሉት፤ ገጹን ሁሉ ቀድዶ ሽፋኑን ብቻ አስቀረልን። በ1904 ከሥራው ተነሣ፤ ግን የወጣ አፈር አይመለስም። ከእሱ ቀደም ብሎ በ1895 የጥንት ፍርስራሾችን ለመቆፈር የተቋቋመ ኩባንያም ነበር፤ ከሌሎች ፍርስራሾች የተገኘውን የወርቅ ጌጥ አቅልጦ ይሸጥ ነበርና ስለሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሌባ መሆኑን አልደበቀም።

እውነቱን የሚናገሩትም ሳይውሉ ሳያድሩ መጥተዋል። በ1905 ራንዳል-ማክአይቨር የሚባል የሠለጠነ ቆፋሪ ሥራው የመካከለኛው ዘመን ነው፣ የአፍሪካውያን ነው አለ፤ ሰፋሪዎቹ ተቆጡ። በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ካቶን-ቶምሰን መጣች። ረዳቶቿ ሁለት ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ በኋላ በኢያሪኮ ቁፋሮ ስሟ የገነነው ካትሊን ኬንየን ናት። ካቶን-ቶምሰን ሆል ያልነካውን ቦታ ፍለጋ ሸለቆውን ዞረች፤ ማውንድ የሚባለውን ትንሽ ቅጥር መረጠች፤ ንብርብሩን አንድ በአንድ እየለየች ወረደች። ከካቡ መሠረት ሥር ያገኘችው ገል አገሬው ከሚሠራው ሸክላ ዘር ነበር። ወለሉ የአፍሪካ ጎጆ ወለል ነበር። ውጤቷን እዚያው ደቡብ አፍሪካ ላይ ለተሰበሰቡ ሊቃውንት ስትናገር አዳራሹ እንደ እኛ አዳራሽ አላጨበጨበላትም። ከ1950ዎቹ ወዲህ የመጣው የራዲዮካርቦን ምርመራም ነገሩን ዘጋው፦ የድንጋይ ግንቡ ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ነበር ይባላል። በመካከሉ ሁለት ሺህ ዓመት አለ፤ ወንድሜ ንግሥቲቱን በምን አሻግሯት ይሆን?

«የቻይና ሸክላ፣ የፋርስ ሳህን ተገኝቶበታል፤ የውጭ ሰው ባይኖር ከየት መጣ?» የሚል አይጠፋም፤ ባለፈው ሳምንት ካፌ ውስጥም ይኸው ተነሥቶ ነበር። እርግጥ ነው ተገኝቷል። ከኪልዋ የመጣ ገንዘብም ተገኝቷል። ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይሸጡ ነበራ! በእናቴ ቤት ረከቦት ላይ የተደረደረው ሲኒ ከቻይና ነው፤ «ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ «ቻይናዊ» ማለት ነው። ቤታችንን ግን የሠራው አባቴ ነው፤ ጭቃውን ያቦካነው እኛ ነን።

ደግሞም «ምን ጉዳት አለው? ትንሽ ኩራት ነው» የምትሉ አላችሁ። ጉዳቱ ይኸውላችሁ። በ1965 ዘረኛው የኢያን ስሚዝ አገዛዝ ነጻነቱን በራሱ ካወጀ በኋላ ታላቋ ዚምባብዌን ጥቁሮች ሠሯት ማለት ፖለቲካ ሆነ። የጎብኚ መምሪያ የሚጽፉ ሰዎች ለውጭ ሠሪዎች ተረት እኩል ቦታ እንዲሰጡ ጫና ይደረግባቸው ነበር። የአገሪቱ ታሪካዊ ቅርሶች ተቆጣጣሪ የነበረው ፒተር ጋርሌክ እውነቱን ይዞ በ1970 አገሩን ለቆ ወጣ፤ መጽሐፉን በ1973 ያሳተመው በውጭ ሆኖ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በጫካ የሚታገሉት ሰዎች ለሚመሠርቱት አገር ስም ሲፈልጉ ከዚያ ካብ የበለጠ አላገኙም፤ በ1980 ነጻ ሲወጡ አገሪቱ ዚምባብዌ ተባለች፤ ከፍርስራሹ የተወሰደችው የድንጋይ ወፍ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ዐረፈች። ከተወሰዱት ወፎች አራቱ በ1981 ከደቡብ አፍሪካ ተመለሱ። እንግዲህ አስቡት፦ አንድ ሕዝብ ስሙንና ባንዲራውን ከነጠቁት ሰዎች እጅ ፈልቅቆ ሲያወጣ፣ እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን «የለም፣ የእኛዋ ሴትዮ ናት የሠራችው» እንላለን። ይኸ ኩራት ነው? ዛሬ እኮ እነ ኢኖሰንት ፒኪራዪ፣ እነ ሻድሬክ ቺሪኩሬ፣ የአገሩ ልጆች ናቸው ክርክሩን የሚመሩት፤ የሚከራከሩትም ማን ሠራው ብለው አይደለም፤ 18 ሺህ ሰው ይኖርበት ነበር የሚለው የቀድሞ ግምት ተጋንኗል፣ ከ10 ሺህ አይበልጥም እያሉ ነው። እነሱ ሰው እየቆጠሩ ነው፤ እኛ ገና ሰው መሆናቸውን እየተጠራጠርን።

አሁን ወደ ቤንት ልመለስ፤ ሰውየው በ1891 ዚምባብዌን ከለካ በኋላ የት ሄደ? በ1893 ወደ እኛ መጣ። ይሓን አየ፣ አክሱምን አየ፣ የድንጋይ ጽሑፎችን ቀዳ፤ በዚያው ዓመት «የኢትዮጵያውያን ቅድስት ከተማ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። እዚህም ያው ነው፤ ሥልጣኔው ከዐረብ ምድር የመጣ ነው። በይሓ የሳባ ፊደል መኖሩን፣ ቤተ መቅደሱም አልመቃህ ለሚባለው የሳባ አምላክ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ያ በድንጋይ ላይ ተጽፎ የሚነበብ ነው፤ ዚምባብዌ ግን እንዲህ ያለ አንድ ፊደል የለም። የምለው ሌላ ነው። ይሓ ላይ ባሕር የተሻገረ ፊደል ስለተገኘ በእኛ ደጋ ላይ የተሠራው ሁሉ፣ ሐውልቱም ንግሡም፣ የመጤ ሥራ ተደርጎ ለብዙ ዘመን ተጻፈ፤ እኛም ይህን ስናነብ ደማችን ይፈላል። ዚምባብዌ ላይ ሲባል ያጨበጨብነውን አክሱም ላይ ሲባል እንሳደባለን። አንዱ ሰው፣ አንዱ ሜትር፣ አንዱ መደምደሚያ! የጎረቤትህን ቤት በአንተ ዶማ ሲሰብር ዝም ያልከው ሰው ዶማውን እንደያዘ ወደ አንተ ግቢ ቢዞር ማን ይደርስልሃል?

ይህ ሁሉ ሥሩ «ቅድመ ታሪክ» የምንላት ቃል ላይ ይመስለኛል። በትምህርታችን ጽሑፍ ያልተወ ሕዝብ ዘመን ሁሉ በዚያ ከረጢት ይከተታል። እኛ ፊደል አለን፤ ስለዚህ ከረጢቱ ውስጥ አይደለንም፤ ስለዚህ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ሰው አንቱ አንለውም። በገዛ አገራችንስ? ጢያ ላይ 36 የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል፤ 32ቱ ሰይፍና ሌላም ሌላም ተቀርጾባቸዋል፤ በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሕዝቡ ምን ይላቸዋል? የግራኝ ድንጋይ። በሐረርጌ ሜዳ የፈረሰ ካብ ሲታይ የሐርላ ነው፣ የግዙፋን ሰዎች ነው ይባላል። የማናውቀውን ሥራ ሁሉ ለጠላት ወይም ለረዥም ሰው መስጠት እኛም ለምዶብናል።

የራሴን ጉድ ሳልናገር ብጨርስ ግን ከሆል አልሻልም። ባለፈው ዓመት ለመስክ ልምምድ ዐሥራ አንድ ሆነን ወደ አንድ ኮረብታ ሄድን። ስሙን አልጠራም። አናቱን ደረቅ ካብ ይዞረዋል፤ በከፊል ፈርሷል፣ ቁልቋል ወርሶታል። ሥራችን ዙሪያውን ለክቶ ፕላን ማንሣት ነበር። የተሰጠን ሜትር 30 ሜትር ይባል እንጂ የመጀመሪያው አንድ ሜትር ተበጥሶ ጠፍቷል። ከአንድ እየጀመራችሁ አንድ እየቀነሳችሁ ጻፉ ተባልን። ችካል ተከልን፣ ሲባጎ ወጠርን፣ እኔ መዝገብ ያዥ ሆንኩ። ማታ ፕላኑን ስስለው ካቡ አልገጠመም፤ መነሻውና መድረሻው ሦስት ሜትር ተኩል ተራራቁ። የት የት ላይ መቀነስ እንደረሳሁ አላወቅሁም። ምን አደረግሁ? እርሳሴን ይዤ ጎበጥ አድርጌ አገናኘሁት። ቆንጆ ክብ ወጣው። «እጅግ ጥሩ» የሚል ተጽፎበት ተመለሰልኝ። ስዋን የሚመስለው እኔን ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

በዚያው ቀን አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን ይዘው ባጠገባችን አለፉ። ከእኛ አንዱ፣ «አባቴ፣ ይኸን ካብ ማን ሠራው?» አላቸው።

«የግራኝ ነው ይላሉ፤ እንጃ። የቀድሞ ሰው ነው።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ትንሽ አሰቡና በበትራቸው ወደ ታች አመለከቱ። «ያ የማሳው ካብ ይታይሃል? እሱን አባቴ ነው የካበው። ያንን ከሱ በታች ያለውን አያቴ። የላይኛውን በረት እኔ። ከዚህ የወደቀ ድንጋይ ወስጄም ክቤያለሁ፤ የወደቀ ነው፣ አላፈረስኩም። ካብ እኮ አያልቅም ልጄ፤ ክረምት ይንደዋል፣ በጋ እንክበዋለን።»

አቀማመጡ አንድ ነበር። ትልልቁ ከውጭ፣ ጠጠሩ ከመሐል፣ ዘንበል ተደርጎ ወደ ውስጥ። ዐሥራ አንዳችንም አየነው። ቅጹ ላይ ግን «ሠሪው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበረና «ያልታወቀ (በአካባቢው አፈ ታሪክ ግራኝ)» ብዬ ሞላሁ። የሽማግሌውን ቃል የምጽፍበት መስመር አልነበረም፤ በጀርባው መጻፍ እችል ነበር፤ አልጻፍኩም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስንወርድ ከመሬት አንዲት ገል አነሣሁ፤ ጣት የምታክል፣ ጠርዟ ላይ ሦስት ጭረት ያላት። ለማንም አላሳየሁም። አሁን ይህን ስጽፍ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ናት። ወንድማችን ይህን መልስ አንብቦ መኝታ ክፍሌ ቢመጣ ላሳየው ዝግጁ ነኝ፤ የሚቀጥለው ጉዞ ከመስቀል በኋላ ነው፣ አብሮን ቢሄድ ደስ ይለኛል፤ ሙሉ ሜትር ያለው ሰው ካለም ያበድረን። ገሏን ይዣት ልሄድ አስቤ ነበር። ግን ከካቡ ውስጥ ትሁን ከውጭ፣ ከላይ ትሁን ከሽማግሌው በረት አጠገብ፣ አላስታውስም። የት ላይ ነው የማስቀምጣት?